ማስተካከያ፦ አኩፓንክቸርና ሳይነስ

ባለፈው ጽሑፌ ቀጭን መርፌ በመውጋት ስለሚሰጠው የቻይና ባህላዊ ሕክምና «አኩፓንክቸር ሳይነስን ይፈውሳል» ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ፤ ሁለት ሕመሞችን ቀላቅያለሁ። የአሜሪካ የአንገት በላይ ሐኪሞች ማኅበር በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ አኩፓንክቸርን በአማራጭነት የጠቀሰው ለአፍንጫ አለርጂ እንጂ ለሳይነስ ኢንፌክሽን አይደለም። ከአፍንጫ ክንፍ አጠገብ ያለው የመርፌ ነጥብ «ዪንግሺያንግ» ይባላል፤ «መዓዛን መቀበል» እንደማለት ነው። ምናልባት ስሙ አማሎኝ ይሆናል።

የባሰው ስሕተቴ ግን ስለ ቻይና ባህላዊ መድኃኒት ዕፅዋት «ዕፅዋቱ ተፈጥሯዊ ስለሆኑ አይጎዱም» ማለቴ ነው። ለታፈነ አፍንጫ የሚሰጠው ማ ኋንግ የተባለው ተክል ኤፌድሪን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር አለበት፤ የደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብ ያስመታል። አሜሪካ ይህ ዕፅ ያለባቸው የምግብ ማሟያዎች እንዳይሸጡ በ2004 እ.ኤ.አ. ከልክላለች። ሺ ሺን የተባለው ተክል ደግሞ ኩላሊት የሚጎዳ አሪስቶሎኪክ አሲድ ሊኖርበት ይችላል። ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ኖሮባችሁ በእኔ ቃል ዕፅዋቱን መውሰድ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ አቁሙና ሐኪማችሁን አማክሩ።