ማስተካከያ፦ ሁለቱ ኃይሌዎች

ጎንደር ውስጥ ለጥያቄና መልስ ውድድር ባሰራጨነው ወረቀት ላይ «በፊልምም በሩጫም የታወቀው ኃይሌ ጎንደር ተወለደ» ብለን ሁለት ሰዎችን አንድ አድርገናል። የአባት ስም በመዝለላችን የመጣ ስህተት ነው።

የጎንደሩ ልጅ ኃይሌ ገሪማ ነው፤ አሜሪካ ሄዶ ትወና ተምሮ በፊልም ሠሪነት የገነነው። ሯጩ ኃይሌ ገብረሥላሴ የአርሲ ልጅ ነው። እሱም በሕይወት ታሪኩ ፊልም ላይ ራሱን ሆኖ መጫወቱ መደናገሩን አባብሶታል።

የሯጩ የሲድኒ ኦሎምፒክ 10,000 ሜትር ድልም መስከረም 1993 ዓ.ም. እንጂ 1992 አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 2000 ላይ ስምንት ቀንሰን ነበር፤ ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዓመት መለወጫ ግን የሚቀነሰው ሰባት ነው። ያን ቀን ኬንያዊውን ሯጭ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፤ እንዲህ ያለ ድል ዓመቱ ሊሳሳት አይገባም።