ይድረስ ለመናኸሪያው ግፊያ

ለክቡር ግፊያ
ደብረ ብርሃን መናኸሪያ፣ የደብረ ሲና ሚኒባስ በር ላይ

ጉዳዩ፦ አድናቆት ስለመግለጽ

ጌታው፣ ያለ በጀት፣ ያለ ስብሰባና ያለ አበል በየማለዳው ሥራ መግባትዎ ይደንቀኛል። በዚያ ውርጭ ጋቢውን የተከናነበው መንገደኛ ሁሉ በጨዋ ደንብ ቆሞ ይጠብቃል። ሚኒባሷ ብቅ ስትል ግን አንዱ ዚፑን እስከ አንገቱ ይስብና አንድ እርምጃ ፈቅ ይላል። አንድ ብቻ! ይህን ያየ ሁለተኛው ሁለት ይራመዳል፤ ሦስተኛው «እኔስ ምን በወጣኝ?» ይላል፤ ከዚያማ እርስዎ መጡ። የአንዲት እናት ዶሮ ከዘንቢሉ አንገቷን አውጥታ ትጮኻለች፣ የጋቢዬን ጫፍ በር ይይዘዋል፣ ረዳቱ «ኧረ ቀስ በሉ፣ ለሁላችሁም ይበቃል!» ይላል። ደግሞ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

ማን ጠራዎት ብዬ ብጠይቅ ሁሉም ይምላል። «እኔማ ሰልፍ እወዳለሁ፣ ሰዉ ነው እንጂ» የማይል የለም። ይህን «ሰዉ» የተባለ ግለሰብ ግን ማንም ሊያሳየኝ አልቻለም።

የዘር ሐረግዎን ማርክ ግራኖቬተር የተባለ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1978 እ.ኤ.አ. ጽፎታል። አደባባይ ላይ 100 ሰው አለ እንበል ይላል። አንዱ ማንንም ሳይጠብቅ ይረብሻል፤ ሁለተኛው አንድ ረባሽ ካየ ይነሣል፣ ሦስተኛው ሁለት ካየ፤ እንዲህ እያለ መቶውም ይረብሻል። አሁን ያንን ሁለተኛውን ብቻ አውጥተው ሁለት ረባሽ ካላየ የማይነሣ ሰው ይተኩ። የመጀመሪያው ብቻውን ሲጮኽ ውሎ ቤቱ ይገባል! የቀሩት 98 ሰዎች ጠባያቸው ቅንጣት አልተለወጠም፤ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ግን «ሰላማዊ ሕዝብ» ይባላሉ።

ይኸው የእኛ መንገደኛ እኮ በመኸር ለደቦ ሲወጣ አንዱ ማጭዱን ሲያነሣ ሌላው ጎኑ ገብቶ ያጭዳል፤ ማንም ሳያዘው ገብሱ መሐል ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ደቦ የእናትዎ ልጅ ነው አሉ። አስተዳደግ ነው የለያያችሁ?

እርስዎን ለመክሰስ አልሞከርኩም፤ ፍርድ ቤት ቢጠራዎትም የሚቀርብልዎ ሰው የለም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ነገ ጠዋት ሚኒባሷ ስትመጣ ያ ሁለተኛው ሰው ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር እያሰረ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር
ጋቢውን በር የያዘበት መንገደኛ

ግልባጭ፦ ለሰዉ (አድራሻው እንደተገኘ)