ጭቃ በ40 ዶላር

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ አጠገብ፣ አፈር ላይ ሞተርሳይክል በሚሽቀዳደሙበት በግሌን ሄለን የሞተር ክሮስ ሜዳ ቦት ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ እናቴ ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በቪዲዮ ደወለች። እዚያ መሽቷል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እዚህ ደግሞ ከጀርባዬ የውሃ ቦቴ ወዲያ ወዲህ እያለ ሜዳውን ያርሰዋል።

«ምን ዘርተው ነው የሚያጠጡት?» አለችኝ።

«ምንም አልዘሩም እማዬ። አቧራው እንዲተኛ፣ አፈሩም ጎማ እንዲይዝ ነው።»

«አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ?»

«ጭቃው ላይ ሞተር እነዳለሁ።»

«ስንት ይከፍሉሃል?»

«እኔ ነኝ የምከፍለው። ለቀኑ 40 ዶላር።»

ዝም አለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ጎረቤቷ አዙራ «እትዬ፣ ኑ እስቲ የዚህን ልጅ ጉድ ስሙ» ስትል ሰማኋት። «ምን ዘርተው ነው» ያለችው ነገር ሳምንቱን ሙሉ ስትከነክነኝ ሰነበተች።

ምክንያቱም እናቴ ገና ግማሹን አልሰማችም። ሰው የሚኖርበትን ከተማ የሚመርጠው ሥራ አይቶ፣ ዘመድ አይቶ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚቀርብ መሆኑን አይቶ ነው። እኔ በ11 ዓመት ውስጥ ሦስት ስቴት የቀያየርኩት አፈር አይቼ ነው። ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ የሞተር ሜዳ ፍለጋ! ለሽማግሌ ፊት የሚነገር አይደለም።

መጀመሪያ ያረፍኩት ሚኒሶታ፣ ሚኒያፖሊስ ነበር። ሐበሻው ሞልቷል፣ እንጀራ አይቸግርም፣ ለቅሶ የሚደርስ ሰው አይጠፋም። ሚልቪል በምትባል መንደር ስፕሪንግ ክሪክ የሚባል፣ ሐምሌ ላይ የአሜሪካ ሻምፒዮና አንዱ ዙር የሚካሄድበት ሜዳ አለ፤ ዙሪያው አረንጓዴ ኮረብታ፣ አፈሩ እንደ ተቦካ ሊጥ ልስልስ። ታዲያ ኅዳር ሲገባ በረዶው ይወርድና እስከ ሁዳዴ አጋማሽ፣ አንዳንዴም እስከ ፋሲካ ሜዳ የሚባል ነገር የለም። ፈረንጆቹ ጎማቸው ላይ የብረት ጥርስ ተክለው በረዶ የሆነ ሐይቅ ላይ ይሽቀዳደማሉ። እኔም የመንዝ ውርጭ ያሳደገኝ ነኝ ብዬ ለማየት ሄድኩ። የመንዝ ውርጭ እኮ ጨዋ ነው፤ ማለዳ ያንገበግብህና ረፋድ ላይ ፀሐይ ስትወጣ ተሰናብቶ ይሄዳል። የሚኒሶታው ግን ቤት ተከራይቶ ነው የሚገባው። አምስት ወር ሙሉ ማታ ማታ ጋራዥ እየወረድኩ ሞተሬን አስነስቼ፣ ትንሽ አዳምጬ አጠፋት ነበር። ባለቤቴ «በሽተኛህ እንዴት አደረች?» ትለኛለች።

ከዚያ ወደ አሪዞና፣ ፊኒክስ። ክረምቱ ልዩ ነው፤ ጥር ላይ በሸሚዝ ትነዳለህ። በጋው ግን ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፎ ይሄዳል፣ መሬቱ ጡብ ይሆናል፣ ጎህ ሳይቀድ ካልወጣህ ሄልሜትህ ውስጥ ትቀቀላለህ። ከድጡ ወደ ማጡ ይባላል። እኔን ያንገበገበኝ ድጡም ማጡም አለመኖሩ ነው!

በመሐሉ ሜሪላንድን አስቤያለሁ። ሐበሻው ከሚርመሰመስበት ከሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሰዓት ከምናምን ነድተህ በድስ ክሪክ የሚባል ስመ ጥር ሜዳ አለ፤ እዚያም ግን ክረምቱ ያሳስራል። ፍሎሪዳንም አስቤያለሁ። የሰሜን ልጆች በረዶ ሲመጣ ሞተራቸውን ጭነው የሚወርዱት ወደዚያ ነው፤ ነገር ግን አሸዋው ክንድ ይገነጥላል፣ በጋው ከሰዓት ከሰዓት ነጎድጓድ ነው፣ አውሎ ነፋሱም አለ። እንግሊዝ ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ያስቀኛል። ስፖርቱን የፈጠሩት እነሱ ናቸው፤ በፈረንጅ 1924 ካምበርሊ ላይ ተወዳድረው ነው የጀመሩት። ዛሬ ግን አንድ ገበሬ የተለየ ፈቃድ ሳያወጣ ማሳው ላይ ሞተር ማሽቀዳደም የሚችለው በዓመት 14 ቀን ብቻ ነው። የአውሮፓ ቡድኖችም ክረምቱን ለልምምድ ስፔንና ሰርዲኒያ ይወርዳሉ። የፈጠሩት አገር ሊነዱት አልቻሉም።

እንዲህ ዞሬ ዞሬ ደቡብ ካሊፎርኒያ ገባሁ። ግሌን ሄለን፣ ፔሪስ፣ ፓላ፤ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ክፍት ነው። ዝናቡ የሚመጣው ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው፤ በዘነበ በሁለተኛው ቀን ያለውን አፈር ብታዩት መሬት ትስማላችሁ። ነሐሴ ላይ ቢያቃጥልም ማለዳ ይነዳል። እንግዲህ የቤት ኪራዩን አትጠይቁኝ። ሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ ሄጄ ክትፎ ልብላ ካልኩ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው ሲሞት የምሰማው ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ነው። በአፈር የለወጥኩት ይህን ነው።

ዓምና ደግሞ አንዱ ዝላይ ላይ የፊት ጎማው ቀድሞ ወረደና ከአንገቴ ሥር እስከ ትከሻዬ ያለችው አጥንት ተሰበረች። ሆስፒታል አራት ሰዓት ተቀመጥኩ። ራጅ አነሱኝ። ሐኪሙ መጣ፣ «በራሱ ይገጥማል» አለ፣ ክንዴን በጨርቅ አንጠልጥሎ ሸኘኝ። በቃ! ሒሳቡ በፖስታ ሲመጣ የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። መሐል ሜዳ ቢሆን ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ፣ በጣቱ ዳስሶ፣ በሸምበቆ አስሮ፣ እንደ አቅምህ ሰጥተኸው፣ ጠላ ቀምሶ ይሄዳል። የኔው ግን ጨርቁን ለብቻ አስከፈለኝ። ለኢንሹራንሱ ደወልኩ፤ ሙዚቃ አሰሙኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ሌላ ሙዚቃ። በሦስተኛው ያነሳችው ልጅ «ጉዳቱ ሲደርስ ምን ይሠሩ ነበር?» ስትለኝ አፌ ተያዘ። በዚህ ዕድሜ «እየዘለልኩ ነበር» ይባላል? የእናቴ ነጠላ ያንን ክንድ በነጻ ያንጠለጥለው ነበር እኮ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ለማንኛውም ወደ ጭቃው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጥር ላይ አገር ቤት ገብቼ ነበር። የአክስቴ ልጅ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፤ የጽሕፈት ቤቱን አሮጌ ያማሃ ኤጂ 100 ሞተር ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ ይዞራል። የክትባት ሣጥኑን ከኋላ አስሮ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ ቦት ጫማውን ተጫምቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ ቆሜ አየሁት። ድንጋዩ እንደ ደረጃ የተደረደረ ነው። ተነሥቶ በእግር መርገጫው ላይ ቆመ፣ ጉልበቱን ፈታ አደረገ፣ የኋላ ፍሬኑን ብቻ በስሱ እየነካ ወረደ። እኔ ይህንን ለመማር አሠልጣኝ ከፍዬ ሁለት ክረምት ፈጅቶብኛል። ዳገቱ ሲብስ ደግሞ ወርዶ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ይዞ ከጎኗ እየሮጠ አወጣት።

«ማን አስተማረህ?» አልኩት።

«ማን ያስተምራል ጋሼ? በሬ ታመመ ብለው ጠሩኝ፣ ሄድኩ።»

ሞተሯ ግን ታሳልሳለች። ካንዴላዋን ብናወጣው ከሰል መስሏል። ነገሩ የከፍታው ነው፤ 3,000 ሜትር ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፣ ካርቡሬተሩ ካልተስተካከለም ቤንዚኑ በዝቶ ካንዴላ ያጠቁራል። ቀዳዳው ጠበብ ያለ ጀት ልላክልህ አልኩት። ሣቀና የሸሚዝ ኪሱን ከፍቶ መለዋወጫ ካንዴላ አሳየኝ። የመንዝ መፍትሔ ኪስ ውስጥ ነው።

ከዚያ አፈርኩ እንጂ ጠየቅሁት። «እስቲ ስጠኝ፣ ትንሽ ልንዳት።»

«ወዴት?»

«የትም። ዞሬ እመጣለሁ።»

«ዞሮ ለመምጣት?» አለ፤ ከቤቱ ጥግ በሃይላንድ የተቀመጠችውን፣ ወረፋ ተጠብቆ ከነጋዴ የተገዛችውን ቤንዚን እያየ። ከተነሱበት ዞሮ እዚያው መመለስ፤ ሞተር ክሮስ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምንም የለውም። ለእሱ ማስረዳት አቃተኝ። ሰጠኝ፤ ሁለት ዙር ዞሬ መለስኩለት።

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መኪናው ውስጥ ሆኜ ስቆጥር ነበር። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ሸዋ ሮቢት ከ1,300 በታች፤ በመካከላቸው ደብረ ሲና ቆሎ ሸምተህ የምትወርደው ጥቂት አሥር ኪሎ ሜትር ነው። ደጋው ሲያንገበግብህ ቆላው ይሞቃል፣ ቆላው ሲያቃጥል ደጋው ይነፍሳል። የእነዋሪ ዋልካ አለ፣ የሮቢት አሸዋ አለ፣ የመንዝ ድንጋይ አለ። በሦስት ስቴት ያሳደድኩት አፈር ሁሉ በአንድ ሰሜን ሸዋ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አሁን ግን እንኳን ለጨዋታ፣ ለክትባትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቆ ነው የሚወጣው።

ትናንት እናቴ መልሳ ደወለች። የአክስቴ ልጅ ከቀበሌ ሲመለስ ሞተሯን ማጥ ውጧት፣ አራት ሰው በገመድ ጎትቶ ነው ያወጣት አለችኝ።

«እሱ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባ።» ትንሽ ዝም አለችና፣ «እኔ የምልህ» አለች፣ «እነዚያ በ40 ዶላር የሚሸጡት ሰዎች፣ መግዛትስ አይፈልጉም?»