ኤችአር 128 ሕግ አልነበረም

ሚያዝያ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. ማታ ስልኬ ዕረፍት አልነበረውም። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚያወራው አንድ ነገር ነበር። «ኮንግረስ አጸደቀው!» የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት በኢትዮጵያ የሰብአዊ መብት አያያዝ ላይ የቀረበውን ኤችአር 128ን ያሳለፈው ያን ቀን ነው። ዐቢይ አሕመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ቃለ መሐላ ከፈጸሙ ገና ስምንት ቀናቸው ነበር። አንድ ወዳጄ ደውሎ «በቃ፣ ሕግ ሆነ እኮ!» አለኝ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሕግ አልሆነም። ሊሆንም አይችልም ነበር።

እኛ ኤችአር 128 እያልን የጠራነው ሰነድ ትክክለኛ መጠሪያው ኤች ሬስ 128 ነው። የፊደል ጉዳይ ብቻ አይደለም። «ኤች አር» የሚል ቁጥር የሚሰጠው ሕግ እንዲሆን ለሚቀርብ ረቂቅ ነው። «ኤች ሬስ» ግን ተወካዮች ምክር ቤቱ ብቻውን አቋሙን የሚገልጽበት የውሳኔ ሐሳብ ነው። ወደ ሴኔት አይሄድም። ለፕሬዚዳንቱ ፊርማ አይቀርብም። ማንንም አያስገድድም። ሰነዱ ውስጥ ማዕቀብ የሚል ቃል አለ፤ ግን አስፈጻሚው አካል ማዕቀብ እንዲጥል ይጠይቃል እንጂ ራሱ ማዕቀብ አይጥልም።

ይህን የምለው የሰዎቹን ድካም ለማሳነስ አይደለም። የኒው ጀርሲው እንደራሴ ክሪስ ስሚዝ ሰነዱን ካቀረቡ በኋላ እስኪያልፍ ከዓመት በላይ ፈጅቷል። በዚያ ጊዜ ሁሉ ከሥራ ፈቃድ እየወሰዱ፣ በራሳቸው ገንዘብ አውሮፕላን እየተሳፈሩ ካፒቶል ሂል የተመላለሱ ሰዎችን አውቃለሁ። የኮንግረስ ቃል ክብደት አለው፤ በውጭ ያለ መንግሥትም ይሰማዋል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የያዝነው ወረቀት ምን እንደሆነ ሳናውቅ ጨፈርን። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላውን ወረቀት በቅጡ ሳናውቀው ተደናገጥን። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንዱ ምክንያት ቋንቋችን ይመስለኛል። እኛ «መንግሥት» የምንለው ነገር አንድ ነው። መንግሥት አለ፣ መንግሥት ወሰነ፣ መንግሥት ከለከለ። በልጅነታችን የሰማነው «አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ፤ ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ» የሚለው ጥሪም የአንድ ሰው ቃል ወዲያው ሕግ የሚሆንበት ዘመን ትዝታ ነው። ዛሬም ቢሆን በአገራችን ጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመረጡት በፓርላማው አብላጫ ወንበር ካለው ወገን ነው። ከሚኒስትሮች ምክር ቤት የወጣ ረቂቅ ፓርላማ ሲደርስ ይወድቃል ብሎ የሚጠብቅ ሰው የለም። በዚህ ሥርዓት ያደገ ሰው «የአሜሪካ መንግሥት እንዲህ አለ» የሚል ዜና ሲሰማ «የትኛው?» ብሎ ባይጠይቅ አይገርምም።

አሜሪካ ውስጥ ግን ጥያቄው ሁልጊዜ «የትኛው?» ነው። 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤት አለ፤ በየሁለት ዓመቱ ሁሉም ለምርጫ ይቀርባሉ። 100 አባላት ያሉት ሴኔት አለ፤ የእያንዳንዱ ዘመን ስድስት ዓመት ነው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ላይ ኮንግረስ ይባላሉ። አንድ ረቂቅ በሁለቱም ቤቶች በተመሳሳይ ቃል ማለፍ አለበት። ሴኔት ውስጥ ደግሞ ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመሄድ አብዛኛውን ጊዜ 60 ድምፅ ያስፈልጋል። ከዚያ ወደ ፕሬዚዳንቱ ይሄዳል። ከፈረሙ ሕግ ነው። ካልፈለጉ ውድቅ አድርገው ይመልሱታል። ኮንግረስ ያን ጊዜ በሁለቱም ቤቶች ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካገኘ ያለ እሳቸው ፊርማ ሕግ ያደርገዋል።

ይህን መንገድ የሚጨርስ ጥቂት ነው። በአንድ የሁለት ዓመት ኮንግረስ ውስጥ ከ10 ሺህ በላይ ረቂቆች ይቀርባሉ። ሕግ የሚሆኑት ጥቂት መቶዎች ናቸው። የቀሩት አብዛኞቹ ኮሚቴ ውስጥ ይሞታሉ። ማንም «አይሆንም» ብሎ ሳይገድላቸው፣ ዝም ብሎ የሚያነሳቸው ጠፍቶ።

እኛ ይህን በራሳችን አይተነዋል። ከምርጫ 97 (በአውሮፓ 2005) በኋላ የኒው ጀርሲው እንደራሴ ዶናልድ ፔይን ስለ ኢትዮጵያ ዲሞክራሲና ሰብአዊ መብት ኤችአር 2003 የሚባለውን ረቂቅ አቀረቡ። ይሄኛው እውነተኛ የሕግ ረቂቅ ነበር። ኦክቶበር 2 ቀን 2007 ተወካዮች ምክር ቤት አሳለፈው። ያኔም «አለቀ፣ ደቀቀ» ተብሎ ነበር። ሴኔት ግን አላነሳውም። የ110ኛው ኮንግረስ ዘመን ሲያልቅ ረቂቁም አብሮ አለቀ። እንደገና ከሀ መጀመር ነው፤ ወደ ሚቀጥለው ኮንግረስ የሚሻገር ውዝፍ ረቂቅ የለም።

አሁን ወደ 2022 እንምጣ። የሰሜኑ ጦርነት በተፋፋመበት ዘመን በኢትዮጵያ ጉዳይ ማዕቀብን የሚጨምር ኤችአር 6600 የሚባል የሕግ ረቂቅ ቀረበ። ሴኔት ውስጥም ኤስ 3199 የሚባል ሌላ ረቂቅ ነበር። ደጋፊውም ተቃዋሚውም አደባባይ ወጣ። ዋሽንግተንና ሌሎች ከተሞች ሰልፍ ነበር፣ የፊርማ ማሰባሰብ ነበር፣ የዙም ስብሰባው እስከ እኩለ ሌሊት ነበር። የትኛው ወገን ልክ እንደነበር እዚህ አልከራከርም። ሁለቱም ረቂቆች ሕግ ሳይሆኑ ጃንዋሪ 2023 ላይ የኮንግረሱ ዘመን አለቀ።

ኢትዮጵያን በትክክል የነካው ውሳኔ ግን ቀድሞ ተወስኖ ነበር። ሴፕቴምበር 17 ቀን 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ቁጥሩ 14046 የሆነውን ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ፈረሙ። በጦርነቱ ተሳትፈዋል በሚባሉ ሰዎችና ድርጅቶች ላይ ማዕቀብ ለመጣል በር ከፈተ። ኖቬምበር ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ የአፍሪካ አገሮች ዕቃቸውን ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲያስገቡ ከሚፈቅደው ዕድል፣ እንደምትወጣ አሳወቁ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮም ወጣች። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለአሜሪካ ገበያ ልብስ የሚሰፉትን ወጣት ሴቶች እንጀራ የነካው ይሄ ነው። ለሁለቱም ውሳኔ የኮንግረስ አዲስ ድምፅ አላስፈለገም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። ፕሬዚዳንቱ ይህን ሥልጣን ከየት አመጡት? ከኮንግረስ። በ1977 የወጣ ሕግ ፕሬዚዳንቱ ብሔራዊ አስቸኳይ ሁኔታ ካወጁ የውጭ ሰዎችን ንብረትና ግብይት እንዲያግዱ ይፈቅዳል። አጎዋም ኮንግረስ በ2000 ያወጣው ሕግ ነው። የትኛው አገር መስፈርቱን እንደሚያሟላ በየዓመቱ የመወሰኑን ነገር ግን ለፕሬዚዳንቱ ሰጥቷል። እኛ የፕሬዚዳንቱን እጅ ስናይ የምናስበው ብዕሩን ነው። ቀለሙን የሞላው ኮንግረስ መሆኑን እንረሳለን። አንዳንዱ ቀለም የተሞላው እኛ ሳንወለድ ነው።

በ2020 ክረምት አክስቴ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። ልጇ ዲቪ ደርሶት ነበር። «ልጄ፣ ትራምፕ ዲቪን ዘጋው አሉ። እውነት ነው?» አለችኝ። «አዎ፣ ግን አልተዘጋም፤ ታገደ» አልኳት። «ኧረ እኔን አታደናግረኝ፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» አለች።

ልዩነቱ ይሄ ነው። ዲቪ በ1990 ኮንግረስ ባወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የመጣ ነው። ማጥፋት የሚችለው ሌላ ሕግ ብቻ ነው። ነገር ግን በ1952 የወጣ ሕግ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ «መግባታቸው አገርን ይጎዳል» ያሏቸውን የውጭ ዜጎች ለጊዜው እንዲያግዱ ይፈቅዳል። ትራምፕ ኮቪድንና ሥራ አጥነትን ጠቅሰው ያወጁት በዚህ ነው። ሴፕቴምበር 4 ቀን አሚት ሜህታ የተባሉ የፌዴራል ዳኛ የዲቪ ዕድለኞች ጉዳይ እንዲታይ አዘዙ። እኛ «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» ብለን ላደግነው ይህ ራሱ ትንግርት ነው። ግን የበጀት ዓመቱ ሴፕቴምበር 30 ያልቅ ነበር፤ የዲቪ ዕድልም አብሮ ያልቃል። ብዙዎች በዚያ ጥቂት ሳምንት ውስጥ አልደረሱም። የአክስቴ ልጅም አልደረሰም። ሕጉ ግን አልጠፋም፤ በሚቀጥለው ዙር ሌሎች ገቡ።

ለዚህ ነው ወዳጆቼን የምወተውተው። ቸኩለህ የምትፈልገው ነገር ካለ በሩ አስፈጻሚው ነው። ሊቆይልህ የምትፈልገው ነገር ካለ በሩ ኮንግረስ ነው። ጊዜያዊ ከለላ የሚባለውን፣ ቲፒኤስን እንይ። ለኢትዮጵያውያን በ2022 የሰጠው የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሩ ነው። ሚኒስትር የሰጠውን ሚኒስትር ያነሳዋል። በአንድ ፊርማ የመጣ በአንድ ፊርማ ይሄዳል። በዚያ ወረቀት ላይ ኑሮውን የመሠረተ ሰው ይህን ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባው ነበር። በየስብሰባው ግን «ተሳካ!» ብለን አጨብጭበን ተለያየን።

የሚያስቀናኝ ምሳሌ የደቡብ አፍሪካ ነው። የካሊፎርኒያው እንደራሴ ሮን ዴለምስ በአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ እንዲጣል የመጀመሪያውን ረቂቅ ያቀረቡት በ1972 ነው። ያኔ ማንም ዞር ብሎ አላያቸውም። ረቂቁ ሞተ። እንደገና አቀረቡ፤ እንደገና ሞተ። በ1984 መጨረሻ ዋሽንግተን ባለው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ደጃፍ ላይ ሰዎች እየሄዱ መታሰር ጀመሩ። በየቀኑ፣ በተራ፣ ከዓመት በላይ። በሺዎች ታሰሩ። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲያቸው እዚያ አገር ካላቸው ኩባንያዎች አክሲዮኑን እንዲያወጣ ታገሉ። አብያተ ክርስቲያናትና ከተሞች ተከተሉ። አስተውሉ፤ ጩኸቱ ኤምባሲው በር ላይ ብቻ አልነበረም። በየእንደራሴው መንደር ነበር።

በ1985 ፕሬዚዳንት ሬገን የኮንግረስን ማዕቀብ ለመቅደም ለዘብ ያለ ማዕቀብ በትዕዛዝ አወጡ። እንግዲህ ብዙ እንቅስቃሴ የሚበተነው እዚህ ላይ ነው፤ «ፕሬዚዳንቱ ሰሙን» ብሎ። እነሱ አልተበተኑም። በ1986 ኮንግረስ ጠንከር ያለውን ሕግ አሳለፈ። ሬገን ውድቅ አደረጉት። ተወካዮች ምክር ቤት 313 ለ83፣ ሴኔት 78 ለ21 ድምፅ ሰጥተው የፕሬዚዳንቱን ውሳኔ ሻሩት። ያኔ ሴኔቱን የያዘው የሬገን የራሳቸው ፓርቲ ነበር። ከ78ቱ 31ዱ ሪፐብሊካን ነበሩ። እነዚያ 31 ሰዎች በአንድ ሌሊት ልባቸው አልተለወጠም። የመረጣቸው ሕዝብ ደጃፋቸው ላይ ስለቆመ ነው። ከመጀመሪያው ረቂቅ እስከዚያ ድረስ 14 ዓመት ፈጅቷል።

የገንዘቡን ነገር ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሕገ መንግሥቱ ከግምጃ ቤት አንድ ሳንቲም በሕግ ካልሆነ አይወጣም ይላል። የኮንግረስ ትልቁ ጉልበት ይሄ ነው። በጀት ሳይስማሙ ሲቀሩ መሥሪያ ቤቱ ይዘጋል። በ2018 መጨረሻ 35 ቀን ተዘግቶ ነበር። በ2025 ደግሞ 43 ቀን። ደንበኛው የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ የዲሲ ሐበሻ ባለ ምግብ ቤትና ባለ ታክሲ ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ግን ትራምፕ ኮንግረስ የመደበውን የውጭ እርዳታ በአንድ ትዕዛዝ ለ90 ቀን አቆሙት። ለኢትዮጵያ ብዙ እህልና መድኃኒት ያመጣ የነበረው ዩኤስኤአይዲ በጁላይ ተዘጋ። ኮንግረስ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት እንዲሰረዝ ድምፅ የሰጠው ከጃንዋሪው ትዕዛዝ ስድስት ወር ገደማ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ኮንግረስ ያን ጊዜ የራሱን ቁልፍ አሳልፎ ሰጠ። ያንን ቁልፍ እንዲያስመልስ መጠየቅ የሚችለው መራጩ ነው። ዜግነት የወሰደ ሐበሻም መራጭ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ስድስት ሆነን ወደ አንድ እንደራሴ ቢሮ ሄደን ነበር። ሱፍ ለብሰን፣ ባለ 12 ገጽ ደብዳቤ አዘጋጅተን። የተቀበለችን ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ረዳት ናት። ከመካከላችን አንድ ትልቅ ሰው፣ ጋሽዬ የምንላቸው፣ ከዐድዋ ጀምረው ታሪክ ሊያስረዷት ተዘጋጅተው ነበር። ልጅቷ በትሕትና ፈገግ ብላ ማስታወሻ ደብተሯን ከፈተች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ዚፕ ኮዳችሁ ስንት ነው?» የሚል ነበር፤ የምንኖርበትን ሠፈር የፖስታ ቁጥር ማለቷ ነው።

አራታችን የዚያ ምርጫ ክልል ነዋሪ አልነበርንም። የቀሩት ሁለቱ ነበሩ። ከሁለቱ አንዷ፣ ልብስ ንጽሕና ቤት የምትሠራ እህታችን፣ እስከዚያች ደቂቃ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ረዳቷ ወንበሯን ወደ እሷ አዞረች። ለ20 ደቂቃም እሷን ብቻ እየሰማች ጻፈች።