«በፔሪስኮፕ ማን ይለያል?»

ሰሞኑን አንድ የታሪክ ውይይት ስሰማ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰመጠችው የኖርዌይ መርከብ የሪቻርድ ቪት ነገር ተነሣ። አንዱ ተናጋሪ «ጦርነት ነው፤ በፔሪስኮፕ ማን ከማን ይለያል?» ብሎ፣ ሰርጓጅ መርከብ ከውሃ ሥር ሆኖ ላዩን የሚያይበትን መሣሪያ ሰበብ አድርጎ፣ እንደ ዋዛ አለፈው። ደሜ ፈላ።

እ.ኤ.አ. መስከረም 13 ቀን 1941 የእንግሊዟ ሰርጓጅ መርከብ ታይግሪስ በጀርመን በተያዘችው ኖርዌይ ሰሜናዊ ጠረፍ ቶርፔዶ ለቀቀችባት። ማስጠንቀቂያ የለ፣ ምን የለ። ወደ 100 የሚጠጋ ሰው አለቀ። የተረፉትን ከባሕር የለቀመች የዓሣ አጥማጆች ጀልባ ናት።

ማን ይለያል? የሁርቲግሩተን መርከብ እኮ ናት! መስመሩ ከ1893 ጀምሮ በዚያ ጠረፍ ፖስታና ተሳፋሪ ሲያመላልስ የኖረ ነው። መርከቧም የ1909 ሥሪት፣ ስሟም የመስመሩ መሥራች ስም። የምትመጣበት ሰዓት በሰሌዳ የወጣ። መንገድ ለሌለው መንደር ደብዳቤውም ዱቄቱም የሚደርሰው በእነዚህ መርከቦች ነበር። ካልለየህ አትተኩስ፣ በቃ! ጀርመኖች በጠረፍ መርከቦች ይጠቀሙ ነበር፣ እሺ። ተሳፋሪውን ግን ወታደር አያደርገውም።

ደግሞ ሕግ አልነበረም እንዳይሉን። የ1936ቱ የለንደን ፕሮቶኮል ሰርጓጅ የንግድ መርከብን ከማስጠሟ በፊት ተሳፋሪውን፣ ሠራተኛውን፣ የመርከቧን ወረቀት ሳይቀር ደህና ቦታ ታድርስ ይላል። ወረቀቱን እንኳ! መርከቧ አልቆምም ካላለች ወይም ካልታገለች በቀር ማለት ነው። ሰውን ጀልባ ላይ ጥሎ መሄድም በራሱ አይበቃም። እንግሊዝ ፈርማበታለች፣ ጀርመንም ገብታበታለች። የጀርመን ሰርጓጆች አዛዥ የነበረው ዶኒትዝ ከጦርነቱ በኋላ ኑረምበርግ ፍርድ ቤት የቆመው በዚሁ ሕግ ጭምር ነው። ጥሷል ተባለ። ቅጣቱ ሲመዘን ግን ጥሰቱ አልተቆጠረበትም። ለምን? የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ራሱ በግንቦት 1940 በዴንማርክና በኖርዌይ መካከል ባለው ባሕር፣ በስካገራክ፣ የታየ መርከብ ሁሉ ይስጠም ብሎ ማዘዙ ለፍርድ ቤቱ ቀርቦ ነበራ! የአሜሪካው አድሚራል ኒሚትዝም በፓሲፊክ እኛም እንዲሁ ነበርን ብሎ መልስ ሰጠ። እናም ሁሉም እጁ ስላለበት ነገሩ ተድበስብሶ ቀረ። ጀርመን ሲያደርገው ወንጀል፣ የኛ ወገን ሲያደርገው የዓይን ስህተት! ይሄን ፍርድ ያነበበ ሰው ስለ ፔሪስኮፕ መስታወት አያወራም።

በወሩ ደግሞ የሶቪየት ሰርጓጅ የዚያኑ መስመር ሌላ መርከብ፣ ቬስተሮለንን፣ አሰጠመች። እሷም አልተለየችም ልትሉን ነው?