ሳይለካ የተጻፈ ፕሮፎርማ

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወጣ መኪና ደንገጎ ዳገት ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ ጋራዥ ሲገባ፣ የሚጠብቀው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ «ቴስታታው ነው፤ ይፈታ።» ቴስታታ ሲሊንደሮቹን ከላይ የሚከድነው የሞተር ክፍል ነው። ኮፈኑ ከተከፈተ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጓርኒሲዮን (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል የሚገባው ማሸጊያ)፣ ቶርኖ (የተጣመመውን ብረት መላጨት)፣ ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ቺንጋና የእጅ ዋጋ ተደምረው አንድ ቁጥር ወረቀት ላይ ይሰፍራል። ባለመኪናው በቁጥሩ ይከራከራል፣ ጥቂት ያስቀንሳል፣ ይስማማል። ያልጠየቀው ጥያቄ ግን ከዋጋው ይቀድም ነበር። ቴስታታው መጎዳቱ በምን ታወቀ? ምን ተለካ?

ስለ ጋራዥ ማጭበርበር ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ውድነት ነው። ኪሳችንን የሚያራቁተው ግን ከተወደደው ሥራ ይልቅ ጨርሶ የማያስፈልገው ሥራ ነው። የማያስፈልግ ሥራ በግማሽ ዋጋ ቢሠራም ያው ኪሳራ ነው።

የደንገጎን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንየው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ መንገዱ ደንገጎ ሲደርስ ወደ 2000 ሜትር ይጠጋል። እዚያ ከፍታ ላይ ግፊት የሌለበት ውኃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ የሚሠራው ከ85 እስከ 95 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። በዚህ ሙቀት ውኃው የማይፈላው የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ይዞ ስለሚያቆየው ነው። በብዙ የቶዮታ ክዳኖች ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል የግፊት ቁጥር ተጽፎ ይታያል፤ 1.1 የተባለው በደንብ ከያዘ ውኃው ደንገጎ ላይም ከ115 ዲግሪ በፊት አይፈላም። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቃል። ከተማ ውስጥ ከሳቢያን ከዚራ ሲመላለስ ምንም ያልነበረው መኪና ዳገቱ ላይ እንፋሎት የሚተፋው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ክዳን ለመቀየር መፍቻ እንኳ አያስፈልግም። ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ ግን በፍጹም አይነካ፤ በግፊት የሚወጣው ውኃ ፊት ይልጣል።

ክዳኑ ደህና ከሆነ ወደ ቴርሞስታቱ፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውኃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ ወደሚዘጋው ቫልቭ፣ ይታለፋል። ተፈቶ ከቴርሞሜትር ጋር ውኃ ውስጥ ይቀቀላል፤ ላዩ ላይ 82 ተብሎ ከተጻፈ በዚያ ሙቀት አካባቢ አፉን መክፈት መጀመር አለበት። ካልከፈተ ይቀየራል። እዚህ ላይ አንድ መጥፎ ልማድ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም፦ «አገሩ ሞቃት ነው፣ አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል። ሞተሩ ሜዳ ላይ ሙቀቱን ሳያገኝ እየሠራ ነዳጅ ይበላል። በብዙ ሞተሮች ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መስመር ይዘጋ ስለነበር፣ እሱ ከሌለ ከፊሉ ውኃ ራዲያተሩን ሳይነካ ይመለሳል፤ ዳገት ላይ ሙቀቱ ይብሳል እንጂ አይቀንስም። ከዚያ የቬንትሌተሩ ፊውዝና ሪሌ (የኤሌክትሪክ ማብሪያው) ይታያል። ከዚያ ራዲያተሩ ራሱ። የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ያው ቅርፊት የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎች ይደፍናል። ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ኩላንትና የተጣራ ውኃ እኩል በእኩል መጨመር የሚመከረው ለዚህ ነው።

ቴስታታው በእርግጥ ተጎድቶ ከሆነ ደግሞ ሳይፈታ ይታወቃል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሞተሩ ሲነሳ ውኃው ውስጥ ያለማቋረጥ አረፋ ይወጣል። የተቃጠለ ጋዝ የሚለይ ሰማያዊ ፈሳሽ አለ፤ በራዲያተሩ አፍ ላይ ሲፈተሽ በቤንዚን መኪና ወደ ቢጫ ከተለወጠ ጋዙ ወደ ውኃው እየገባ ነው። የኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ በየካንዴላው ቀዳዳ ሲገባ ሁለት ጎረቤታም ሲሊንደሮች ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብለው ከተገኙ ጓርኒሲዮኑ በመሃላቸው ተበልቶ ሊሆን ይችላል። ዝቅ ያለው አንድ ሲሊንደር ብቻ ከሆነ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ካለ ጥፋቱ ወደ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ያመለክታል፣ ካልተነቃነቀ ወደ ቫልቭ። ቴስታታው ተፈቶ ከወጣ በኋላም ቢሆን ቶርኖ ቤት ከመላኩ በፊት ቀጥ ያለ ብረት ተጋድሞበት የክፍተት መለኪያ ይገባበታል። በብዙ ትናንሽ የቶዮታ ቤንዚን ሞተሮች የሚፈቀደው መጣመም 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ቶርኖ ለምን ተከፈለ?

ቴስታታው ሳይፈታ የሚደረገው ምርመራ ሁሉ ቢበዛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ታዲያ ለምን አይደረግም? መልሱ የሚያስወቅሰው መካኒኩን ብቻ አይደለም። ከተማችን ውስጥ «እስኪ እየው» ለሚባል ሥራ የሚከፍል የለም። ግማሽ ቀን ለክቶ «ክዳኑን ቀይር» ያለ ባለሙያ ባዶ እጁን ይሸኛል፤ ሳይለካ «ሞተር ይውረድ» ያለው ግን የእጅ ዋጋ ያገኛል፣ ከመለዋወጫ ሱቁም ኮሚሽን ይነሣል። ምርመራ በነፃ እስከሆነ ድረስ ዋጋው ሌላ ቦታ ተደብቆ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ መኪና ይዞ ሲገባ የመጀመሪያው ንግግር «ለምርመራው ለብቻው እከፍላለሁ፤ የለካኸውን ቁጥር ጽፈህ ስጠኝ፤ ሥራውን አንተ ጋ ላሠራ ላላሠራ እችላለሁ» የሚል መሆን አለበት። ሁለተኛ ጋራዥ ከተሄደም የመኪናው ችግር ብቻ ይነገር እንጂ የመጀመሪያው መካኒክ ግምት አይነገር። ግምቱን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋ ነው።

ፍሬን ላይም ነገሩ ያው ነው። ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ደንገጎን በፍሬን ብቻ የወረደ መኪና ፔዳሉ ስፖንጅ ሲሆን «ማስተሩ ሄዷል» ይባላል፤ ማስተር የፔዳሉን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈው ፓምፕ ነው። ያረጀ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ የመፍያ ሙቀቱ ይወርዳል፤ ዶት 3 የተባለው ዘይት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 140 ሊወርድ ይችላል፤ ሲፈላ የሚፈጠረው እንፋሎት ፔዳሉን ስፖንጅ ያደርገዋል። ፍሬኑ ቀዝቅዞ ፔዳሉ ተረግጦ ሲያዝ፣ የሚፈስ ነገር ሳይኖር ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ ማስተሩ ይጠረጠራል። ደጋግመው ሲረግጡት የሚጠነክር ከሆነ መስመሩ ውስጥ አየር ሊኖር ይችላል፤ ዘይቱን ቀይሮ አየሩን ማስወጣት ይቀድማል። ዲናሞ ይቀየር ሲባል ደግሞ በቴስተር መለካት ነው፦ ሞተሩ እየሠራ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ካነበበ ዲናሞው ባትሪውን እየሞላ ነው። «ኮምፒውተሩ ይህን አወጣ» የሚለውም ብቻውን ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ፒ0171 የሚለው ኮድ ነዳጁ ከአየሩ አንጻር አንሷል ይላል እንጂ ኦክስጅን ሴንሰር ቀይር አይልም፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም ያንኑ ኮድ ያስወጣል።

ወረቀቱ ራሱ እንዴት ይጻፍ? ድምር ብቻ ያለው ፕሮፎርማ አይፈረምበት። የመለዋወጫው ዋጋና የእጅ ዋጋ ይለያይ፤ ዕቃው አዲስ ኦሪጅናል፣ ኮፒ ወይስ ያገለገለ እንደሆነ ከነቁጥሩ ይጻፍ። የቶዮታ ዕቃ ቁጥር ብዙ ጊዜ ባለ አሥር አሐዝ ሲሆን የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይነግራሉ፤ 04465 የፊት ፍሬን ሸራ ነው፣ 11115 የቴስታታ ጓርኒሲዮን። ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ካለ ማንኛውም ሱቅ ደውሎ ዋጋ ማነጻጸር ይቻላል። «ኦሪጅናል» ተብሎ ኮፒ የሚገጠመው በአብዛኛው ቁጥር ሳይጻፍ ሲቀር ነው። የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ እንደሚመለስ ይጻፍ፤ ከመፈታቱ በፊትም በቀለም ምልክት ይደረግበት።

ከሁሉም የከፋው «ከፈትነው፣ ሌላም ተገኘ» የሚለው ነው። ሞተሩ ተበታትኖ መሬት ላይ ካለ በኋላ ባለመኪናው እምቢ ማለት አይችልም። ስለዚህ ሥራ ሳይጀመር ሦስት ነገር ይወሰን፦ ለመክፈት ብቻ ስንት፣ መልሶ ለመግጠም ስንት፣ ያለ ባለቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ተጨማሪ ሥራ እንደማይሠራ። ፍትሕ ለመካኒኩም ይገባል። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል፤ የጨመረ ዋጋ ሁሉ ማታለል ነው ማለት አይቻልም። ፕሮፎርማው እስከ መቼ እንደሚጸና ቀን ቢጻፍበት ሁለቱም ወገን ይድናል።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። ይህ መብት ጋራዥ ውስጥ ትርጉም የሚኖረው የከተማው አስተዳደር የምርመራ ክፍያ ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍና ፕሮፎርማ ላይ የተለካው ቁጥር እንዲጻፍ ሲያስገድድ ነው። አቤቱታ ያለ ወረቀት አይቆምም።

እስከዚያው በጣም የሚጎዱት ራሳቸው የማይነዱ ባለንብረቶች ናቸው፤ መኪናቸው ድሬዳዋ እየሠራ እነሱ አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር የሚኖሩ። ዋጋው የሚደርሳቸው በሾፌሩ በኩል ነው፤ አንዳንዱ ሾፌር ደግሞ ከመካኒኩ ጋር አስቀድሞ ተነጋግሯል። የተሰበረ ዕቃ ፎቶ ተልኮላቸው ያምናሉ፤ ፎቶው ግን የማንም መኪና ሊሆን ይችላል። ገንዘብ ከመላኩ በፊት የሚጠየቀው ከታርጋው ጀምሮ ሳይቋረጥ ወደ ሞተሩ የሚሄድና መለኪያው ያነበበውን ቁጥር የሚያሳይ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ነው።