የተፈጥሮ ሀብት ትምህርት ባለ ከብቶቹን ረስቷል

ተማሪዎች የአንደኛ ዓመት ውጤታቸውን ይዘው የትምህርት ክፍል ሲመርጡ፣ የተፈጥሮ ሀብት አያያዝ ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ከምርጫው ግርጌ ነው። ሕክምናና ምህንድስና ያልደረሰው "ግብርና ደረሰኝ" ይላል፤ ከግብርናም ውስጥ "ተፈጥሮ ሀብት" ሲባል ወላጅ "ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን ልትሆን ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ጉዳዩ ሲነሳ ወቀሳው የሚያርፈው በተማሪው ላይ ነው፤ ሙያውን አይወድም፣ ገጠር መውጣት አይፈልግም ይባላል። እኔ ከዚሁ ትምህርት ክፍል ወጥቼ በወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሠራሁ ሰው ነኝና ጥያቄዬ ሌላ ነው። ወዶም ይግባ ተመድቦ፣ ተመርቆ ሲወጣ ተዳፋቱ ላይ የሚጠብቀውን ሥራ ተምሮታል ወይ? በአብዛኛው አልተማረውም ባይ ነኝ።

የተማረውን ለማቃለል አይደለም። እርከን ለመቀየስ ሦስት ሰው፣ ሴንቲሜትር የተጻፈባቸው ሁለት እንጨቶች፣ በመካከላቸው የሚወጠር የአሥር ሜትር ያህል ሲባጎና መሃሉ ላይ የምትንጠለጠል ውኃ ልክ ይበቃሉ። አንዱ አረፋዋን እያየ "ትንሽ ወደ ላይ፣ አሁን ወደ ታች" ይላል፤ አረፋዋ መሃል ላይ ስትቆም ሁለቱ እንጨቶች እኩል ከፍታ ላይ ናቸው፣ ምልክት ይተከላል፣ ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ቀላል ይመስላል፤ ግን መስመሩ ትንሽ ከተዛነፈ ክረምት ሲገባ ውኃው ዝቅ ወዳለው ጫፍ ሄዶ ይጠራቀምና እርከኑን ይበጥሰዋል። ከታች ያለው ማሳ በሁለትና በሦስት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ይህን አስተካክሎ የሚሠራ ባለሙያ ለአገር ይጠቅማል። ሥራው የት እንደሚያስፈልግም ተማሪው አያጣውም፤ የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ ያወጡትን፣ ከደጋው የእርሻ መሬት በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚለውን ግምት በቃሉ ያውቀዋል።

ችግሩ የሚመጣው እርከኑ ካለቀ በኋላ ነው። በበጋው የተፋሰስ ልማት ዘመቻ አገሬው አካፋና ዶማ ይዞ ይወጣል፣ ተራራው በጥቂት ሳምንታት ይሸነሸናል፣ ሪፖርቱ ወደ ዞን ይላካል። አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ ስለሆነ ግን ከብቱ በልማድ ይለቀቃል። በሬው የእርከኑን ጠርዝ ረግጦ ይንደዋል፣ ፍየሉ ለማጠናከሪያ የተተከለውን ችግኝ ይቀጥፈዋል። በዓመቱ ያው ተራራ እንደገና ይቆፈራል፤ ሪፖርቱም እንደ አዲስ ይጻፋል። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው እውቀት የአፈር ሳይንስ አይደለም። ከብቱን አስሮ የሚቀልበው ማን ነው? መኖውን ከየት ያመጣዋል? የራሱ መሬት የሌለውና በሁለት ፍየል የሚተዳደረው ወጣት ተራራው ሲከለል ምን ይሰጠዋል? ደንብ ያፈረሰውን የሚቀጣው ሽማግሌ ነው ወይስ ቀበሌ? ወረዳ ሳለሁ ጠዋት እርከን ለመለካት ወጥቼ ማታ ስመለስ፣ ቀኑን የበላው የእነዚህ ጥያቄዎች ክርክር ነበር። ለአንዱም ከግቢ ይዤው የወጣሁት መልስ አልነበረኝም።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻም ለልቅ ግጦሽም እንዳይውል ከልክሎ ነበር። ከብቶቹ አላነበቡትም።

እውቀት ብቻውን የሚያድን ቢሆን ኖሮ የሐረማያ ሐይቅ ባልደረቀ ነበር። በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥራ የጀመረው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ፣ የሐይቁ ጎረቤት ነው። ሐረር ከተማ ለአሥርተ ዓመታት ከሐይቁ ጠጣች፣ ገበሬው በሞተር እየሳበ ጫትና አትክልት አጠጣበት፣ ከዙሪያው ኮረብታ የታጠበ ደለልም ሞላው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሐይቁ የግጦሽ ሜዳ ሆነ። ከጎኑ ያሉት የእርሻ ምሁራን ምን እየሆነ እንደነበር አላወቁም ማለት አይቻልም። ውኃውን የሚስቡትን ሁሉ አስቀምጦ "አንተ ይህን ያህል፣ አንቺ ይህን ያህል" የሚያሰኝ ሥልጣንም ብልሃትም ያለው ግን አልነበረም። ጫቱ በየቀኑ ገንዘብ ያመጣል፤ የሐይቁ ሞት ግን የማንም የግል ኪሳራ አልነበረም። በቅርብ ዓመታት ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ ያሰኛል። የውኃው አጠቃቀም ካልተሠራበት ግን ደስታው ውሎ ማደሩን እጠራጠራለሁ።

በአንጻሩ ኮንሶን እንይ። በ2003 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የድንጋይ እርከን ለትውልዶች ያቆየው ዲግሪ አይደለም። ኮንሶዎች ከብቱን በየደጃቸው አስረው፣ ሣርና አገዳ ተሸክመው አምጥተው ይቀልቡታል፤ እርከኑ ላይ እንደ ልቡ አይፈነጭም። በትግራይ ውቅሮ አጠገብ ያለችው የአብርሃ ወአጽብሃ መንደርም በ2004 ዓ.ም. ተፈጥሮን ለሚንከባከቡ ማኅበረሰቦች የሚሰጠውን ዓለም አቀፉን የኢኳቶር ሽልማት ያገኘችው ተራራ ከልላ፣ ክትር ሠርታ፣ የከርሰ ምድር ውኃዋን ከፍ አድርጋ ነው። አባ ሓዊ እየተባሉ የሚጠሩት መሪዋ ገብረሚካኤል ግደይ የሚታወቁት ሰው አስተባብሮ በማሠራት ነው። ይህ ችሎታ በትምህርት ክፍሎቻችን ውስጥ ከተገኘ፣ በአንድ የግብርና ኤክስቴንሽን፣ ማለትም ገበሬን የማማከር፣ ኮርስ ጥግ ተወሽቆ ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጣው የመውጫ ፈተና ደግሞ ነገሩን የባሰ ወደ ወረቀት ጎትቶታል ብዬ አምናለሁ። በኮምፒውተር ፊት ከአራት አማራጭ አንዱን መምረጥ የአፈር መታጠብን ቀመር ይፈትናል፤ ሁለት የተጣሉ መንደሮችን የግጦሽ ድንበር ግን እንዴት ይፈትነዋል? መምህሩም ለሚፈተነው ያስተምራል፤ አይፈረድበትም።

እኔ የምለው፣ እያንዳንዱ ትምህርት ክፍል አንድ የተራቆተ ተፋሰስ ይረከብ፤ አንዱ የተማሪ ምድብ ሲመረቅ ተከታዩ ይረከበው። ውጤቱም በተቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ሳይሆን፣ ከነዋሪው ጋር የተዋዋሉት የመተዳደሪያ ደንብ በዓመቱ መከበር አለመከበሩን በማየት ይሰጥ። ለመስክ ትምህርት በጀት የለም፣ መኪና የለም፣ በአንዳንድ አካባቢም ጸጥታው አያወጣም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የጸጥታው እውነት ነው፤ ተማሪን ለአደጋ የሚያጋልጥ መስክ ይቅር። የመኪናው ግን ለብዙዎቹ ውኃ አያነሳም፤ ከግቢያቸው አጥር ማዶ በእግር የሚደረስ፣ ቦረቦር የበላው ኮረብታ ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎች ጥቂት አይደሉም። ተማሪዎቹ ወደዚያ ሲወጡም የመጀመሪያ ሥራቸው ጉድጓድ መቆፈር ሳይሆን፣ ኮረብታው ላይ የሚሰማሩት ከብቶች የእነማን እንደሆኑ ቤት ለቤት ዞሮ መመዝገብ ይሁን።